የመርከቧ ሃያ ሦስተኛ ምዕራፍ

ቃለአብ በቴሌግራም ገጹ ላይ «የፊታችን ቅዳሜ ‹መርከቧ›ን እገመግማለሁ» ብሎ ካስታወቀ ጀምሮ ለጡረተኛው አስተማሪ ለጋሽ አፈወርቅ እህል አልወረደላቸውም።

ቃለአብ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። በየቅዳሜው ስለ አንድ የቆየ የሳይንስ ልብ ወለድ ይጽፋል፤ ወዳጅነት አያውቅም፣ ያየውን ነው የሚጽፈው። እንዲህ እንዲያነብ ያስተማሩት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ አፈወርቅ ናቸው።

«መርከቧ» ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ስለነበር የደራሲውን ስምም ሆነ እውነተኛ ርእሱን የሚያውቅ የለም። ሦስት መቶ ዓመት ወደሚያስኬድ ኮከብ ስለምትጓዝ መርከብ ነው። መሐንዲሱ ሳይደርስ እንደሚሞት እያወቀ ይጠግናታል። ሚስቱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች፤ የሣጥኑ ሞተር ከተቃጠለ ግን አርባ ዓመት ሆኖታል።

በ1990 ዓ.ም. ያ ብጥስጥስ መጽሐፍ ጋሽ አፈወርቅ እጅ ሲገባ፣ ተማሪዎቻቸው ተራ በተራ እንዲያነቡት ብለው በደብተር ገለበጡት። አባታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዳዊትና ድርሳን በብራና ሲጽፉ ኖረዋል። ልጃቸውን ከፊደል አጣጣል ጋር አንድ ሕግ አስተምረውታል፦ ገልባጭ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጋሽ አፈወርቅ ሃያ ሁለተኛውን ምዕራፍ ገልብጠው ሲጨርሱ የመጽሐፉ ቀሪ ቅጠል ተገንጥሏል። መሐንዲሱ ሣጥኑ ፊት እንደቆመ ታሪኩ ተቋርጧል። በዚያው ክረምት ባለቤታቸው አማከለች ታመመች። አንድ ጠዋት ከተኛችበት ቀና ብላ «በሩን ዝጋው፤ ጉሙ ገባብን» አለቻቸው። ዘግተው ሲመለሱ አልፋለች። የአርባዋ ዕለት ለቀስተኛው ከተሸኘ በኋላ ደብተሩን አውጥተው ሃያ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጻፉ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሴትየዋ ትነቃለች፤ ነቅታም ያንኑ ትላለች።

ለማንም አልተናገሩም። የተጎሳቆለው መጽሐፍ ሌላ ሰው ሳያነበው ጠፋ፤ ከተማሪ ተማሪ የዞረው ደብተሩ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አሁን ሞላሌ ከተማ የልብስ ስፌት ቤት ያላት ተማሪያቸው መሲ ደብተሩን በኮምፒውተር ጻፈችውና ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። «የመርከቧ ልጆች» የሚባለው የቴሌግራም ቡድን አራት ሺህ ሰው አለው። በየቀኑ አንዱ ያንን ምዕራፍ ያነሣል፤ የአማከለችን ቃል የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ያሳተመም አለ። ጋሽ አፈወርቅ ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን እንደታጠቡ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ የሚጠብቁት ነገር የላቸውም።

ቅዳሜ ግምገማው ወጣ።

«ሃያ ሁለቱ ምዕራፎች ድንቅ ናቸው። ደራሲው አይዋሽም፤ መርከቧ ብረት ናት፣ ብረትም ይደክማል። ሃያ ሦስተኛው ግን የሌላ ሰው ይመስላል። ከሞተች አርባ ዓመት የሆናት ሴት ድንገት ትነሣለች። ተነሥታም ስለ ጉም ታወራለች። ጠፈር ላይ ምን ጉም አለ? ይህን የጻፈው እውነቱን መሸከም ያቃተው ሰው ነው።»

ጋሽ አፈወርቅ ሁለቴ አነበቡት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ስልኩን ጭናቸው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

ቡድኑ ግን ነደደ።

«አንተ ፊዚክስህን አስተምር፣ ልበ ደረቅ!»

«ጉሙን ሳያውቅ መንዝ ተወለድኩ ይላል ደግሞ!»

«ምድር ናፍቃት እኮ ነው፣ ደነዝ! ይሄ ነው የደራሲው ሊቅነት።»

መሲ የድምፅ መልእክት ላከች፤ እያለቀሰች ነበር። «ቃልዬ፣ እኔ ከወንድሜ ሐዘን የተነሣሁት በዚያ ምዕራፍ ነው። ይቅርታ ካልጠየቅህ ሰው አልልህም።»

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቃለአብ ጋሽ አፈወርቅ ቤት መጣ። ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ገጹን ልዘጋው ነው።»

«ምን ሆንክ?»

«ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ‹በሩን ዝጋው!› ብለው ይስቁብኛል። እሱስ ይሁን። እናቴን ዘመሮ ገበያ ላይ ‹ልጅሽ ምን አጥፍቶ ነው አገር ሁሉ የሚሰድበው?› አሏት። ስታለቅስ ነው የደወለችልኝ።» አንገቱን ደፋ። «መጽሐፉን የሰጡን እርስዎ ነዎት፤ ይሰሙዎታል። ከፈለጉ ተሳስቷል ይበሏቸው። ብቻ ስድቡን ተዉት ይበሉልኝ።»

«አንተስ ተሳስቻለሁ ትላለህ?»

«አልልም፣ ጋሼ።»

ልጁ የተሰደበው እውነት ስለተናገረ ነው፤ ጋሽ አፈወርቅ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ሲሰደብ አይተው ዝም ብለዋል። ስልኩን አንሥተው ድምፃቸውን መቅዳት ጀመሩ።

«ልጆቼ፣ አፈወርቅ ነኝ። ቃለአብን ተዉት፤ ልክ ነው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠል ጠፍቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹ጉሙ ገባብን› ያለችው አማከለች ናት፣ ባለቤቴ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ይቅር በሉኝ።»

ቃለአብ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። መልሱ ወዲያው ይዘንብ ጀመር።

«እንዴ! ጋሽዬ ደግሞ ደራሲ ሆኑ?»

«ቃለአብ ነው ያስገደዳቸው፤ አያፍርም?»

«ዕድሜ ነው፣ አትፍረዱባቸው።»

«ይህን የመሰለ ምዕራፍ የእኛ አገር አስተማሪ ሊጽፈው? ኧረ በሕግ!»

ከዚያ መሲ ደወለች። «ጋሼ፣ ጤናዎ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነኝ። መሲ፣ አማከለችን ታውቂያት የለ?»

«እትዬን? እንዴት አላውቃቸውም! ነፍሳቸውን ይማር። ግን ጋሼ፣ እሳቸውን ከመርከቧ ጋር ምን አገናኛቸው?»

«ደብተሩ አንቺ ጋ ነው። ተመልከቺው፤ የእጅ ጽሑፌ ነው።»

«ሁሉም የእጅ ጽሑፍዎ ነው እኮ፣ ጋሼ። ሃያ ሁለቱም።»

ጋሽ አፈወርቅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ፊደል ሳትዛባ የጻፉት ደብተር ነው። ያን ጊዜ ኮርተውበት ነበር።

«እባክዎ ይህን ምዕራፍ አይውሰዱብኝ» አለች መሲ። «እኔ ያረፍኩበት ነው። አሁን ለትንሽ ቀን ከቡድኑ ላውጣዎት፤ ልጆቹ ክፉ ቃል እንዳይናገሩዎት ነው። አይቀየሙኝም አይደል?»

«አልቀየምሽም፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘግተው ሲያዩት ቡድኑ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጣታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተቱ ፈለጉት።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ ቃለአብ።

ጋሽ አፈወርቅ ቀና አሉ። ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ዓይኑን አዩት። «እንግዲያው አሁን ካወቅህ በኋላ፣ ምዕራፉ እንዴት ነው?»

ቃለአብ መሬት መሬቱን አየ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ማንም አይሰማቸውም። እሳቸው ግን ያውቁበታል።

«መንቃት አልነበረባትም፣ ጋሼ።»

«አዎ» አሉ። «አልነበረባትም። ስጽፈውም አውቀው ነበር።»

ቃለአብ እጃቸውን ያዘ። ቀስ ብለው አስለቀቁና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከቡድኑ አንድ ሰው አማከለችን ሲቀሰቅሳት አይ ነበር» አሉ። «ነገም የሚቀሰቅሳት አይጠፋም። እኔ ነኝ የማላየው።»