የፓራሹት አጣፊዋ ልጅ

ፓራሹት አጣፊዋ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በክርኗ ተጭና ገመዶቹን እየለየች ሳለ፣ ልጇ በር ላይ እንደሚጠብቃት ነገሯት። ዛሬ ምልምሎቹ ክፍላቸውን የሚመርጡበት ቀን ነው፤ እግረኛ ወይም አየር ወለድ። ጨርቁን ለባልደረባዋ ትታ እየሮጠች ወጣች።

ልጁ ከአጎቱ፣ ከወንድሟ ጋር ዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። አጎትየው የድሮ እግረኛ ወታደር ነው፤ ፈንጂ ረግጦ ግራ እግሩን ካጣ ወዲህ የፓራሹት ወርክሾፑ ዘበኛ ሆኗል።

"በል እንግዲህ፣ ንገራታ!" አለ አጎትየው ተቆጥቶ።

"አየር ወለድ ገባሁ፣ እማ። ፈረምኩ።"

"ወይኔ ጉዴ! ሳታማክረኝ?"

"አጎቴን እያየሁ እግረኛ ልሁን? ምድሩ ሁሉ ፈንጂ ነው።"

"እኔንማ በቃሬዛም ቢሆን አመጡኝ" አለ አጎቱ። "እግረኛ ከኋላው ወገን አለው፤ ሲብስበትም ይሸሻል። አንተን ጠላት መሃል ጥለውህ ነው የሚሄዱት። ወዴት ልትሸሽ ነው? ወደ ላይ?"

"እናንተስ ስንት ሄዳችሁ ስንት ተመለሳችሁ?"

ከአጎትየው ሻምበል መቶ ሃያ ሰው የተመለሱት አስራ አንድ ነበሩ፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

"ፊርማው አይሰረዝም?" አለች እናቱ።

"አይሰረዝም። ከሰዓት በኋላ እንሳፈራለን።" ከዚያ ልጁ ፈገግ አለ። "ምን አስፈራሽ? የሌላውን ፓራሹት ማን እንዳጣጠፈው አይታወቅም፤ የኔን ግን አንቺ ነሽ የምታጣጥፊው። እኔም እሱን ብዬ ነው የመረጥኩት።"

የወርክሾፑን ደንብ እሷም ወንድሟም አሳምረው ያውቁታል፤ ልጇ ወይም ባሏ አየር ወለድ የገባባት አጣፊ በዚያው ቀን ከጠረጴዛው ትነሳለች። ሲጨንቃት እጇ ይሳሳታል ይላሉ። ከነገ ጀምሮ ድንኳን ስትጠግን ነው የምትውለው። የልጇን ፓራሹት ማን እንደሚያጣጥፈው እሷም አታውቅም።

"ስማ አንተ ልጅ፣ ደንቡ እኮ..." ብሎ አጎትየው ሲጀምር ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"ታጣጥፊልኛለሽ አይደል፣ እማ?"

"ታዲያ ሌላ ማን ሊያጣጥፍልህ ኖሯል?" አለችው። "በገዛ እጄ ነው እንጂ።"