የጋሽ ቶኩጂ ፕሪንተር

የጥገና ሱቄን ከከፈትኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንደዚያ ፕሪንተር አንጀቴን ያሳረረው ዕቃ ግን የለም።

ባለቤቱ ጋሽ ቶኩጂ ኢሶቤ ቅጠል ሲረግፍ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። በአገራችን አሁን አሁን እንደሚደረገው በአምስት ሰው ብቻ ሸኘናቸው፤ ለወዳጅ ለዘመዱ የሚነገረው በኋላ በሐዘን ካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ ሰው የአዲስ ዓመት ካርዱን መጻፍ ሳይጀምር መድረስ አለበት። አለዚያ ለሞተ ሰው «እንኳን አደረሰዎ» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል፣ ለላኪውም ለሐዘንተኛዋም ሐፍረት ነው።

ሚስታቸው እማማ ፉሚዬ ባለ ግራጫ ጠርዝ ካርድ ሁለት መቶ አስገዝተው አስጠሩኝ። ዓይናቸው ከደከመ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከጥላ በቀር አይታያቸውም።

«ሙራሴ፣ የሰው ሁሉ አድራሻ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቶኩጂ በሩን ዘግቶ ያትም ነበር። አሁን እምቢ አለ።»

«እምቢ አላለም እማማ፣ ሞቷል» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

«እንግዲህ እዚህ ቤት ያልሞትኩት እኔ ብቻ ነኝ በለኛ!» ብለው ሳቁ።

ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢልም ዲስኩ ደህና ነበር። በውስጡ ያለውን ሁሉ ገልብጬ ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አሮጌው እንደ ድሮው እንዲኖር አደረግሁ ማለት ነው። የጋሽ ቶኩጂ የካርድ ፕሮግራም ወዲያው ተከፈተ። መከራዬን ያሳየኝ ፕሪንተሩ ነው። ፕሮግራሙ ከእሱ ሌላ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ዛሬ የትም የማይገባ፣ መዳፍ የሚያህል መሰኪያ አለው። መቀየሪያ ገመድ ገዛሁ። አዲሱ ኮምፒውተር ገመዱን ለራሱ ይነጥቅና ለአሮጌው አልሰጥ ይላል። ሰጠ ስል አሮጌው «ፕሪንተር የለም» ይለኛል። ሦስት ቀን ሙሉ! አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት።

«ቀስ በል እንጂ፣ እሱ እኮ ሲቆጡት ያኮርፋል» ይሉኛል እማማ ፉሚዬ መንደሪን እየላጡ። «የሌላው ይቅር፣ ለሱሚ ብቻ ይድረስልኝ። የታካሴን ሚስት ታውቃታለህ? አብረን ነው ያደግነው። ስልክ ነፍሷ አይወድም፣ ካርድ ብቻ ነው። የአዲስ ዓመት ዕለት ጠዋት ቶኩጂ የመጡትን ካርዶች ያነብልኛል፣ የሱሚን መጨረሻ ላይ አድርግልኝ እለዋለሁ። ዘንድሮ የልጅ ልጇ ነርስ ሆነች ብላኛለች፣ አየህ?»

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፕሪንተሩ ድንገት ጮኸ። እማማ ፉሚዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እሱ ነው! የእሱ ድምፅ ነው!» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

አራት ካርድ አወጣና ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ አመሉ ነው!»

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ሁሉንም ዘግቼ እንደገና አስነሣሁ። አራት። ቨርቹዋል ማሽኑን አፍርሼ እንደ አዲስ ሠራሁት። አሁንም አራት፣ ያው አራት ሰው። ምሳ ሳልበላ ታገልኩት። «አንተ የተረገምክ!» ብዬ በጥፊ አጮልኩት።

ቢቸግረኝ የስም ዝርዝሩን ከፈትኩ። መቶ ስድሳ ሦስት ሰው አለ። ከአራቱ በቀር በሁሉም አጠገብ ጥቁር ነጥብ ተደርጓል፤ ነጥብ ያለበትን ፕሮግራሙ ይዘላል። ከነጥቡ ቀጥሎ ሰውዬው የሞተበት ቀን ተጽፏል። ፕሪንተሩ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር ለካ። የታካሴ ሚስት ሱሚ ጋ ደረስኩ፦ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ከሥሩ ጋሽ ቶኩጂ «ለፉሚዬ አልነገርኳትም» ብለው ጽፈዋል።

ዘጠኝ ዓመት! ያ ሰው በየአዲስ ዓመቱ ሚስቱ ፊት ቁጭ ብሎ ያልተጻፈ ካርድ ሲያነብ ኖሯል። ነርሷን የልጅ ልጅ ከየት እንዳመጣት እንጃ።

«ሙራሴ፣ የሱሚ ወጣ?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ይጠብቃሉ።

«ወጥቷል» አልኩ።

«እሰይ! እሰይ የእኔ ጌታ!»

ከዚያ ወዲያ ምን መመለሻ አለው? ነጥቦቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ፕሪንተሩ እስከ አመሻሽ ጮኸ፤ እሳቸውም ግድግዳውን ተደግፈው ሰሙት። አራቱን ፖስታ ሳጥን ከተትኩ። መቶ ሃምሳ ዘጠኙን ሱቄ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ እኔ ደንቆሮው!

በሳምንቱ ገመዴን ልወስድ ሄድኩ። እማማ ፉሚዬ ስልኩን ከኮሪደር አስመጥተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። ጎረቤት ያመጣችላቸው ሾርባ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«እማማ፣ ምሳ አልበሉም እንዴ?»

«እሽሽ፣ አትጩህ! ሱሚ ለደስታ ባትደውልም ለሞት ሳትደውል አትቀርም። ካርዱ ደርሷታል አይደል?»

ያኔም መናገር እችል ነበር።

«ደርሷታል» አልኩ።

«እንግዲያው ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው።»

የሱሚን ስልክ መጠበቅ ከጀመሩ ይኸው ዛሬ ዐሥራ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። በመስኮታቸው በኩል ሳልፍ አያቸዋለሁ፤ ስልኩን አቅፈው እንደተቀመጡ ናቸው።