ባዶ ጀሪካን

ደምመላሽ የከባድ መኪና ሹፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። የዚያን ቀን ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚነዳው ማኅበሩን ከመፍረስ ለማዳን ነበር። የሎጊያ ሹፌሮች፣ ጥሩ ጥሩውን ጭነት አዋሾች ይወስዱታል ብለው ሊገነጠሉ ስብሰባ አስጠርተዋል፤ ቃል አቀባያቸው ጁነዲን ነው። ደምመላሽም መሪውን ይዞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ንግግሩን ይለማመዳል። ተረት መቼም አያልቅበትም።

ከገዋኔ አለፍ ብሎ አንድ ተሳቢ ቆሟል። ሹፌሩ ባዶ የውሃ ጀሪካን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በዚህ በረሃ ጀሪካን ላነሳ ሰው ደመኛም ይቆማል፤ ማኅበሩ ራሱ የተመሠረተው በዚህች ወግ ነው። ደምመላሽ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጁነዲን መሆኑን ሲያይ ግን፣ ዛሬ እሱ ከቀረ ሎጊያዎች አፍ የላቸውም ብሎ አሰበና ነዳጅ ረገጠ። ዓይን ለዓይን ተያይተዋል።

ሰመራ ላይ ንግግሩ አማረለት፤ ሰው ግን አልሞቀውም። ጸሐፊዋ ሁሪያ ድምፅ ልታሰጥ ስትል ጁነዲን ከንፈሩ ደርቆ፣ ሸሚዙ ላይ ላቡ ጨው ሠርቶ ገባ።

ሁሪያ ለምን እንደዘገየ ጠየቀችው። መኪናው ተበላሽቶበት ፀሐይ ሲቀቅለው እንደዋለ፣ ግመል የሚነዱ አፋሮች ወተት አጠጥተው እንዳተረፉት፣ በኋላም አንድ የማያውቀው ሹፌር አሳፍሮት እንደመጣ ነገራት።

«የማኅበራችን መኪና አላለፈም?»

አሁን ስም ቢጠራ ማኅበሩ እዚያው እንደሚበተን ጁነዲንም ደምመላሽም ያውቃሉ።

«አንድ መኪና አልፏል» አለ ጁነዲን። «የእኛ ሰው ግን አይደለም። የእኛ ሰው ቢሆን ይቆም ነበር።»

ሎጊያዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድምፅ ሲሰጥ ለመገንጠል እጁን ያወጣው ጥቂት ሰው ነው፤ ጁነዲንም አላወጣም።

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል የደምመላሽ ጉሮሮ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዝም ያልኩት ለማኅበሩ ስል ነው ብሎ ራሱን ሊደልል ሞከረ። ውሸቱን ነው፤ ለራሱ ፈርቶ ነው። አፈረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በማኅበሩ ልማድ ያረፈደ ውሃ ያጠጣል። ጁነዲን የታሸገ ውሃ አስመጣና የመጀመሪያዋን ለሊቀመንበሩ በሁለት እጁ አቀረበለት።

«ይጠጡ ጋሽ ደምመላሽ፤ መንገዱ ያስጠማል።»

ሰው ሁሉ እያየ ነው። ደምመላሽ ተቀብሎ አንዴ ተጎነጨ፤ መዋጥ ግን አቃተው።