ኡሌውን የያዘ ይናገር

ድርቤ ያንን ኡሌ እንደ ማገዶ ፈልጣ ብታነደው ደስታዋ ነበር። የአማቷ ዱላ ነው፤ ከወይራ የተጠረበ፣ ጫፉ በእጅ ብዛት የለዘበ። አማቷ በሕይወት ሳሉ ጉቶ ጊዳ ውስጥ በሽማግሌ ሸንጎ ይይዙት ነበር። ኡሌ የያዘ ሽማግሌ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። እሱስ ደግ፣ ሽማግሌዎች ናቸው። ባሏ ዋጋሪ ግን ዱላውን ነቀምት ድረስ ተሸክሞ አመጣና የስድስት ዓመት ሴት ልጁን አስያዛት።

«በዚህ ቤት» አለ ያን ቀን፣ «ኡሌውን የያዘ ይናገራል። አባትም ይሁን እናት አያቋርጠውም። አስቀምጦት ሲጨርስ ደግሞ የተጠየቀው ሰው ይመልሳል።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ፣ ከጸሎት መልስ፣ ጎረቤት ሁሉ ምሳውን በሰላም ሲበላ እነዋጋሪ ቤት ችሎት ይቆማል። ትንሿ ቀለሟ ከቁመቷ የሚረዝመውን ዱላ ታቅፋ «አቦ፣ ሐሙስ ዕለት ለእንግዳው ዋሽተሃል» ትላለች። አባት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ጥፋቱንም ያምናል። ድርቤ አንድም ቀን ዱላውን ነክታው አታውቅም። «የምናገረው ካለኝ አፍ አለኝ» ትልና ወጧን ታማስላለች።

ዋጋሪ በአውራጃው ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ቀለሟ አራተኛ ክፍል ሳለች ጥያቄ አበዛሽ ተብላ መዳፏን በልምጭ ተገረፈች። አባቷ በማግስቱ ሄዶ ልጁን ከክፍል ይዟት ወጣ። «መጠየቅ የሚያስገርፍ ከሆነ እኔ ሳልገርፍ አስተምራታለሁ» አለ። መምህሩ ሳቀበት፤ ከተማውም ሳቀ። ድርቤ ብቻ አልሳቀችም፤ ሦስት ቀን አለቀሰች።

ትምህርት ቤቱ እንግዲህ ጃንጥላው ሆነ። የእጅ ጽሕፈት መልመጃዋ የባለጉዳይ ማመልከቻ መገልበጥ ነው። ንባቧ አዋጅ ነው። ሒሳቧ ጋሻ መሬት ለወራሾች ማካፈል ነው። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ቀን የገለበጠችውን ከነስሙ ከነቀኑ በቃሏ ትወጣለታለች። ልጅቱ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የምታውቀው የክስ ዓይነት ከአንድ ዳኛ አያንስም ነበር፤ የምስክር ወረቀት ግን የላትም። እኩዮቿ ስምንተኛን ጨርሰው አንዷ መምህርት፣ አንዷ በሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ድሬሰር ስትሆን እሷ አሁንም ጃንጥላ ሥር ነች።

«ድርቤ» ትላታለች ከሌላ አገር መጥታ ሱቅ የከፈተችው ወለቴ፣ ስኳር እየቋጠረችላት፣ «ልጅሽን ለዳኛ ነው የምትድሪያት ወይስ እሷው ዳኛ ልትሆን ነው? የእኛ አገር ሰው ሴት ልጁን ንግድ ያስተምራል። የእናንተው ደግሞ ክርክር! ማን ያገባታል፣ በየእሑዱ ሊከሰስ?»

ድርቤ ስኳሯን ይዛ ትወጣለች። ወለቴ ያለችው ሁሉ የራሷም ሐሳብ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ሐኪም ቤቱ ለድሬሰርነት ሴቶች ልጆችን ሊፈትን ነው ተባለ። ለፈተናው የሚቀመጠው የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ያለው ነው፤ ይህ የሌለው ግን የታወቀ ሰው የዋስ ደብዳቤ ካመጣ ይፈተናል። ድርቤ ይህን እንደሰማች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ወደ ግራዝማች ተረፋ ግቢ ገሰገሰች። ግራዝማች ባለርስት ናቸው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ለፓርላማ ተወዳድረው በየገበያው ሰው ይሰበስቡ ነበር። ምልክታቸው ፈረስ ነው።

«ደብዳቤ ቀላል ነው» አሏት። «የኡኬ ገበሬ ግን ለእኔ ፊቱን አዙሯል። የሚሰማው ባልሽን ነው፤ ማመልከቻውን ሁሉ የሚጽፍለት እሱ ነው። ቅዳሜ ኡኬ ገበያ ላይ ቆሞ ፈረሱን ምረጡ ይበል። እኔ ሰኞ ደብዳቤውን እልክልሻለሁ።»

«ቶሌ፣ ጎፍታ» አለች። እሺ ጌታዬ ማለቷ ነው። ባሏን ሳትጠይቅ ቃል ሰጠች፤ ቤት ስትደርስ ነገረችው።

 «ሃደ ቀለሟ» አላት ዋጋሪ፣ የቀለሟ እናት ማለቱ ነው፣ «የኡኬን ግጦሽ ያጠረው ይህ ሰው ነው። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምን እያልሽኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሁለት ልጆች በኩፍኝ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛዋን ጃንጥላ ሥር አልቀብራትም።»

«እንግዲያው ለእሷ እንንገራት። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ደንብህ ከነዱላው ገደል ይግባ! ለእሷ ትንፍሽ ብትል ከዚህ ቤት አታገኘኝም።»

እሱም አልተነፈሰም። ቀለሟ የሰማችው ግራዝማች በቸርነታቸው ደብዳቤ ሊጽፉላት መሆኑን ብቻ ነው። «ይሁን» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ምስጋና ጠብቃ ነበርና በልቧ ረገመቻት። ይህች ልጅ ደስታ ቢመጣላት እንኳ ከክርክር በቀር ማመስገን አታውቅም አለች።

ቅዳሜ ዕለት በግራዝማች መኪና ኡኬ ወረዱ። ድርቤ ቅቤ ልገዛ ነው ብላ ተከተለች፤ ቀለሟ እንደ ልማዷ የአባቷን የጽሕፈት ሣጥን ይዛለች። ዋጋሪ ኡሌውን አልረሳም። የኡኬ ሰው ዱላውን ከዋጋሪ አባት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ግራዝማችም ይህን ስለሚያውቁ ይዘኸው ና ብለውት ነበር።

ከገበያው ዳር ትልቅ ዋርካ አለ። ገበሬው እዚያ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆሙ። ግራዝማች ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ቸርነት ተናገሩ። ያጨበጨበ የለም። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ እንትፍ አለና በእግሩ አሸው። ከዚያ ዋጋሪ ተነሣ።

«አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። «ፈያ» አሉት፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «ወገኖቼ፣ እኔን ታውቁኛላችሁ። በዚህ ምርጫ የሚበጀን ግራዝማች ናቸው። ምልክታቸው ፈረስ ነው። ፈረሱን ምረጡ።» ድምፁ የሌላ ሰው ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። ገበሬው እርስ በርሱ ተያየ።

ቀለሟ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠች። ሰዉን እየገፋች መሐል ገባችና እጇን ዘረጋች።

«አቦ፣ ኡሌውን።»

 ድርቤ አንድ ሰው የልጄን አፍ በመዳፉ ቢያፍንልኝ ብላ ተመኘች። ግራዝማች ሳቁ፤ «ሴት ልጅ በሸንጎ? አንሡልኝ ይቺን» አሉ። አሽከሮቻቸው ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ዋጋሪ ልጁን አየ፣ ዱላውን አየ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የቤቱን ደንብ ቢክድ ማንም አይፈርድበትም፤ ቤቱ ቤቱ ነው፣ ገበያው ገበያ ነው። ግን ሰጣት።

ኡሌው በልጅቱ እጅ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ከልማድ የተነሣ ጸጥ አሉ። አሽከሮቹም በሽማግሌዎቹ ፊት ልጅቱን ለመንካት አመነቱ። ቀለሟ ዓይኗን ጨፍና፣ ልክ ማታ ማታ ወደ ቤት ስትሄድ እንደምታደርገው፣ በቃሏ ጀመረች።

«ለአውራጃው ፍርድ ቤት። አመልካቾች የኡኬ ገበሬዎች አርባ ሦስት ሰዎች። ተከሳሽ ግራዝማች ተረፋ። ነገሩ፣ ተከሳሽ ከአባቶቻችን ጀምሮ ከብት ያሰማራንበትን ግጦሽ በአጥር ስለከለከሉን...» ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራች። ስሙ የተጠራ ሁሉ ቀና አለ። በመሐሉ የሞተ ሰው ስም ሲደርስ ሴቶቹ መሐል አንዲት ባልቴት እዬዬ አለች። አርባ ሦስቱንም ጨረሰች፤ አንድ አልሳተችም።

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ይህን የጻፈው አባቴ ነው፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ፈረሱን ምረጡ ያለውም አባቴ ነው። የቱ ነው ውሸቱ? በምንስ ገዙህ፣ አቦ?»

ኡሌውን እግሩ ሥር አስቀመጠች። አሁን መመለስ የእሱ ፋንታ ነው።

ዋጋሪ በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግሮ ድርቤን አያት። አየችው። ሚስቴ ናት ቢል በቃ፤ አንድ ቃል ነው። እሷም ራሷ ወደፊት ወጥታ እኔ ነኝ ማለት ትችል ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎረሰች።

«ማመልከቻው እውነት ነው» አለ ዋጋሪ። «የዋሸሁት ዛሬ ነው።» በምን እንደተገዛ ግን አልተናገረም።

ተረቱ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሚለው። በዚያ ቀን ግን የእምዬ ጥፋት በአብዬ ላይ ተለከከ፤ ሰዉም «እንዲህ ነው የተማረ ሰው» እያለ ከአጠገቡ ሸሸ። ግራዝማች ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በትከሻቸው ገፍተውት አለፉ። ሦስቱም በእግራቸው ተመለሱ። ዝናብ ወረደባቸው፣ ጭቃው እስከ ነቀምት ድረስ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘ።

ሰኞ የግራዝማች አሽከር መጣ። የታሸገ ደብዳቤ ይዟል። ድርቤ እጇን ስትዘረጋ እያየችው ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ ቀደደውና ደጃፉ ላይ በተነው። ማክሰኞ የዋጋሪን ጃንጥላ ሰባብረው ከፍርድ ቤቱ ደጅ አባረሩት። ረቡዕ ወለቴ ድርቤን ስታይ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ግራዝማች እንደሆኑ በሰኔው ምርጫ አሸነፉ፤ የነፈገቻቸው ኡኬ ብቻ ነበረች።

ድርቤን ያነደዳት ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ቀለሟ ለአባቷ ውኃ ስታቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ ሲጠራት አትሰማም። እሱ ደግሞ ችሎ ተቀምጧል። ለምን አይናገርም? ለምን አይጮህባትም? ዝምታው ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ያዘነላት መስሎት ከሆነ ማንም እንዲያዝንላት አልለመነችም።

እሑድ ከጸሎት መልስ ተቀመጡ። ኡሌው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቀለሟ ተነሣች። ድርቤ ልጅቱ ያንኑ ጥያቄ ልትደግም መሆኑን ከአካሄዷ ዐወቀች፤ በምን ገዙህ? አባትየው እንደገና ዝም ሊል ነው። ድርቤ ማንኪያዋን ጣለችና ቀድማ ዱላውን ያዘች። አሥራ አንድ ዓመት የጠላችው እንጨት ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ግራዝማች ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ደብዳቤ ብዬ አባትሽን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ላስገድደው ሁለቱን የሞቱትን ልጆቼን ጠራሁበት። ኡኬ ላይ ከሴቶቹ መሐል ቆሜ ስታዋርጂው ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቅም! አባትሽ መናገር አስተማረሽ፤ መናገር ግን አያበላም። ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ። ሰማሽ? እደግመዋለሁ!»

ተናግራ ጨረሰች፤ ዱላውን ግን አላስቀመጠችም። እስከያዘችው ድረስ ማንም መልስ ሊሰጣት አይችልም፤ ደንቡ ነው። ወጡ ቀዘቀዘ። ዋጋሪ መሬት መሬት ያያል። ቀለሟ ከፊቷ ቆማ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ኡኬ ላይ እንደጠበቀችው።  ድርቤ ለሚመጣባት ስድብ ሁሉ ልቧን አዘጋጀች። ከዚያ ሰጠቻት።

ቀለሟ ኡሌውን ይዛ ወደ ሣጥኗ ሄደች። ከልብሶቿ ሥር ጨርቅ አወጣችና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ነጭ ቆብ ነው፤ ድሬሰሮች የሚያደርጉት ዓይነት፣ በእጅ የተሰፋ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ የታጠፈ።

«አምና ነው የሰፋሁት፣ ሃርሜ» አለች እናቷን። «በኡሌው ተናግሬ የማላውቀው ይህን ብቻ ነበር። ያን ደብዳቤ ካንቺ በላይ እፈልገው ነበር። አባቴ ፈረሱን ምረጡ ሲል የደብዳቤው ዋጋ ያ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። በምን ገዙህ ያልኩት ከራሱ አፍ እንድሰማው ነበር። ደብዳቤውን እንደማጣ ዐውቄ ነው ለኡሌው እጄን የዘረጋሁት።»

ኡሌውን እናቷ እግር ሥር አስቀመጠች። የመመለሱ ተራ የድርቤ ነበር።