ቀጭኑ ድምፅ

ሰውየው የድምፅ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ለስፒከሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ኪቦርድ ይጫወታል። ዓይን ጉቦ ይበላል ባይ ነው፤ ትልቅ ሣጥንና ሰማያዊ መብራት ያየ ዓይን ጆሮን ያሳስታል። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጥ ዞሮ ይቆማል፤ ባለሱቁ ገመዱን ከአንዱ ነቅሎ በሌላው ይሰካል። የሁሉም ጩኸት እኩል ይሁንልኝም ይላል። የጮኸ ሁሉ ጥሩ ይመስላልና፣ ልክ እንደ ሰው። በዚህ ጥንቃቄው የሚጫወትበት ባንድ «ጆሮ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ከሥራ በፊት የሁሉንም ድምፅ የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ጆሮ ደህና ነው ካለ፣ ደህና ነው።

ታናሽ እህቱ፣ የባንዱ ዘፋኝ፣ በሩ አጠገብ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሥራ አለባቸው፤ የመድረኩ ስፒከር ተቃጥሏል። ሰውየው የቤቱንም መቀየር ፈልጓል፤ ከጊዜ ወዲህ ድምፁ ደብዝዟል ብሎ ፈርዶበታል።

«የቤቱ ቀስ ብሎም ቢሆን እውነቱን የሚነግርህ መሆን አለበት፤» አለ ባለሱቁ። «የመድረኩ ይጩህ እንጂ፣ ትንሽ ቢዋሽ ማን ያውቅበታል?»

«እኔ አውቅበታለኋ!»

«አንተማ ጆሮ ነህ።»

የመጀመሪያውን «ሆድ ቁርጠት አለበት» ብሎ አሳለፈው። ሁለተኛው አፍንጫውን ይዞ ያወራል አለ። ሦስተኛው ላይ ግን ጣቶቹ ተዝናኑ። ከወፍራሙ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጭኑ ወጣ፤ መጨረሻዎቹን ቁልፎች ደጋግሞ ነካካ።

«ይኼ ነው! ቀጭኑን ስሙት እስቲ፤ እንደ ብርጭቆ!»

የእህቱ እግር መወዛወዙን አቁሟል። ዞረ።

ስፒከሩ ከላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣበት ትዊተር ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ ባዶ ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው ሁለት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

«ይቅርታ፣ የሰው ዕቃ ነው፤ ለጥገና የመጣ፤» አለ ባለሱቁ። «እጄ ተሳስቶ ነው የሰካሁት።»

ሰውየው ሳቀ። «አውቄ ነው እኮ! ልፈትንህ ብዬ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፤» አለ ባለሱቁ፣ ቶሎ ብሎ። ያ ቶሎ ማለቱ ከሁሉ የባሰ ነበር።

የመድረኩን እህቱ መረጠች። የቤቱን ነገር ማንም አላነሳም።

ታክሲ ውስጥ ስፒከሩ እንደ ባለጌ ተሳፋሪ በመካከላቸው ተሰየመ። ታዲያ ያ ብርጭቆ ከየት መጣ? ሰምቶታል፤ ይምላል። ወይስ ጣቱ የሚያውቀውን ለጆሮው ነግሮት ነው? ከዚያ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ከየሥራው በኋላ እህቱ ላይ የሚነሳው ራስ ምታት፤ «ብርድ ነው» ትለው ነበር። ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ የሚሸሹ የፊት ጠረጴዛ እንግዶች፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ነው ጥፋተኛው ብሎ ነበር። ትሬብሉን፣ የቀጭኑን ድምፅ መጠን፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው ግን ለራሱም ነግሮ አያውቅም።

«ጋሼ፣» አለች በመጨረሻ፣ መንገዱን እያየች። «ለሐኪም ግን አታሳየውም?»

«ዛሬ ሥራ አለን።»

ጆሮው የከዳው ጆሮ ለባንዱ ምን ይሠራለታል? ኪቦርድ የሚነካ እንደሆነ ሞልቷል። እሱ የሚያስፈልጋቸው «ደህና ነው» ሲል ስለሚያምኑት ነው።

አዳራሹ ገና ባዶ ነበር። ስፒከሩን ሰቅለው ሙከራ ጀመሩ፤ ድራመሩ ከኋላ፣ እህቱ ማይክ ይዛ ከፊት። እሷ ስትዘፍን ዓይኗን ትጨፍናለች። እጁ እንደ ልማዱ ሳይጠየቅ ወደ ትሬብሉ ማዞሪያ ሄደ፤ ከፍ አደረገው። ተጫወተ። ለእሱ ልክ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይጎድለዋል።

«እንዴት ነው ጆሮ? እንጀምር?» አለ ድራመሩ።

«ደህና ነው» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እህቱን አያት። ዓይኗን ገልጣ ወለል ወለሉን ታያለች፤ ልታጋልጠውም ልትዋሽለትም አልፈለገችም። ኪቦርዱን ትቶ ሄደና ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣

«ቀጭኑ በዝቷል እንዴ፣ እቴ?» አላት።

ማይኩ ክፍት ነበር። ጥያቄው በአዲሱ ስፒከር ወጥቶ ባዶውን አዳራሽ ዞረው። ድራመሩ እንጨቶቹን በአየር ላይ ይዞ ቀረ። ጆሮ ጠይቆ አያውቅም።

እህቱ ማይኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«በዝቷል፣ ጋሼ።»

ተመልሶ ማዞሪያውን ያዘ። ቀነሰ። አየችው፤ ገና ነው በሚል ዓይን። እንደገና ቀነሰ፣ ራሷን እስክትነቀንቅ። ያን የመጨረሻውን ቀጭን ቁልፍ ነካው፤ ቁልፉ ሲጫን ቀጭ ማለቱን እንጂ ድምፁን አልሰማም።

ድራመሩ ግን ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ጥጥ ጎትቶ አወጣ፤ ከዚያም ከሌላኛው። ሰውየው ያን ጥጥ ሁልጊዜ ያየው ነበር፤ ለገዛ ድራሙ ጩኸት ያደረገው ይመስለው ነበር።