ለአቶ ወልደጻድቅ የተተከለው ድንኳን

ፋርቱን የድንኳኑን ገመድ ወደ ኋላ እየሳበች ስትወጥር፣ ወይንሸት ከማዶ ካለው ቋሚ አጠገብ ቆማ አንዱን ስልክ በጆሮዋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ወንበር የጫነውን ሹፌር ታጣድፍ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ድሬዳዋ ሳቢያን ሠፈር ውስጥ አንድ አጥር ይጋራሉ፤ ከአጥሩ በቀር የሚጋሩት ግን ጥቂት ነው። ፋርቱን መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ቀትር ሲሆን ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቢለምናት እንኳ ሱቋን ቆልፋ ቤቷ ገብታ ትተኛለች፤ ፀሐይዋ ስትበርድም ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት አብርቶ ትነሣለች። ወይንሸት በበኩሏ ድሬዳዋ በሙሉ በሚያሸልብበት በዚያ ሰዓት ነቅቶ መሥራትን እንደ ማዕረግ ትቆጥረው ነበር። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናት፤ የሠፈሩ ዕድር ጸሐፊም እሷው ናት፤ የዕድሩ ስልክ ከእጇ አይለይም፤ ሠርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። መልሷ ደግሞ ሁልጊዜ "እሺ" ነው።

"አባዮ፣ ስልኩን ተይና ይህን ገመድ ያዢልኝ!" አለች ፋርቱን፣ እንደ ልማዷ በሶማሊኛ እህቴ ብላ እየጠራቻት። "እጄ ተላጠ እኮ!"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው ከመምጣቱ በፊት ወንበሩ ካልደረሰ..."

የግቢው በር ተከፈተ። አቶ ወልደጻድቅ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ዐይናቸውን እያሻሹ ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የባቡር መካኒክ ናቸው። ድንኳኑ የሚተከለው ለእሳቸው ለቅሶ ነበር።

ገመዱ ከፋርቱን እጅ አመለጠ። ሸራው ተንሸራቶ በተካዮቹ ራስ ላይ ወረደ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የደረሱት ሴቶች ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ በአየር ላይ ቀረ።

"ማን ሞቶ ነው?" ሲሉ ጠየቁ አቶ ወልደጻድቅ።

ፋርቱን ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጋሼ፣ ወላሂ፣ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?" ሽማግሌው ደረታቸውን ዳሰሱ። "እንዴ! ታዲያ ለእኔም አይነገረኝም?"

ሳቁ ከሸራው ሥር ጀመረ። ተካዮቹ ሳቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ናዝሬት ያለች ልጃቸው እያለቀሰች ደውላ፣ "አለሁ፣ አለሁ፤ ድንኳኔ ግን ያምራል" ሲሏት ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ወይንሸት ብቻ አልሳቀችም።

"ወይንዬ" አሉ አቶ ወልደጻድቅ ስልኩን ሲዘጉ። "እኔ የደወልኩልሽ የሽታዬ ባል ሲሞን ሆስፒታል አረፈ ብዬ አልነበረም?"

ነበር እንጂ። ከምሳ በኋላ ነበር የደወሉላት። እሷ በአንድ እጇ የፋብሪካውን የፈረቃ ድልድል እያስተካከለች፣ በሌላው ለዕድሩ አባላት የቴሌግራም መልእክት ጻፈች፤ በሟቹ ስም ፈንታ የደዋዩን ስም ጻፈች። አቶ ወልደጻድቅ ከሆስፒታል ተመልሰው፣ ለሲሞን ለቅሶ እስክነሣ ጥቂት ልረፍ ብለው ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሠፈሩም ተኝቶ ነበርና ስሕተቱን የሚያርም አልተገኘም። ፀሐይ ስትበርድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነቅቶ መልእክቱን አነበበና ወደዚህ ጎረፈ። ወይንሸትም የጻፈችውን መልሳ ሳታስብ፣ ሰዉ የጎረፈበትን ተከትላ መጥታ ነበር።

"ታዲያ" አለች ፋርቱን በድንገት፣ "ሽታዬ ጋ ማን አለ?"

ሳቁ እንደተቆረጠ ክር ቀረ።

የሲሞን ቤት ከሁለት መንገድ በኋላ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ሽታዬ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰው ይመጣል ብለው የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች፣ ዱካዎችን፣ የልብስ ማጠቢያውን በርጩማ ሳይቀር አውጥተው በግድግዳው ጥግ ደርድረዋል። ሁሉም ባዶ ነው። ሴቶቹ ዋይ እያሉ ሲገቡ ሽታዬ ቀና አሉና፣ ከማልቀሳቸው በፊት ፊታቸው ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር ታየ።

"መጣችሁ?" አሉ። "ሰው ሲጠፋ ጊዜ... ሲሞንን ለካ የሚወደው ሰው የለም ብዬ ተቀምጬ ነበር።"

ወይንሸት ከፊታቸው ተንበረከከች። የሚያለቅሱት ሁሉ ዙሪያዋን ነበሩ፤ እሷ ግን እንባ ፈልጋ አጣች። ውስጧ እንደ ደቻቱ ወንዝ የበጋ አሸዋ ደርቆ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል፣ "እትዬ ሽታዬ፣ ስልኩ ነው፤ ስልኩ ስሙን ቀይሮብኝ ነው" የሚል ሆነ።

"ስልክ ነዋ፣ ምን ታደርጊ ልጄ" አሉ ሽታዬ፣ ጉንጯን እየዳሰሱ። "አንቺማ ለሰው ስትሮጪ የምትኖሪ ነሽ።"

ያ እጅ ጉንጯን አቃጠላት። ቢሰድቧት በቀለላት ነበር።

ድንኳኑ ወደ ትክክለኛው በር ተዛውሮ ከተተከለ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ወይንሸት ሳታቋርጥ ትናገር ነበር። "ወጡን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ነገ የቀብር መልስ ምሳውን በሙሉ እኔ እችላለሁ። እስከ ሣልስቱ ድረስም መስተንግዶውን ለማንም አልሰጥም። እትዬ ሽታዬን እክሳቸዋለሁ።"

ፋርቱን ቆመች። "የዕድሩን ስልክ ስጪኝ።"

"ለምን?"

"አንቺ ታመሻል፣ አባዮ።"

"አልታመምኩም!"

"ያልታመመ ሰው ይተኛል። ያልታመመ ሰው ጋሽ ወልደጻድቅ ሽርጥ ለብሰው ሲወጡ ይስቃል። እኔ ዛሬ ያየሁት ፊትሽን ነው። ሳቅም የለው፣ ለቅሶም የለው። አሁን ደግሞ በሥራ ያጠፋሽውን በሥራ ልትክሺ? አቦ!"

ወይንሸት ስልኩን አልሰጠቻትም። ተናድዳም ቀሪውን መንገድ ብቻዋን ሄደች። ስትሄድ ግን ልትረሳው የምትጥረው ነገር ተከተላት። በቅርቡ አንዲት የፋብሪካው ልብስ ሰፊ እናቷ ሞታባት ፈቃድ ልትጠይቅ ቢሮዋ ገብታ ነበር። ወይንሸት ቀና እንኳ ሳትል፣ "ሰው በሞተ ቁጥር መስመሩ ይቁም?" አለቻት። ልጅቷ፣ "ይቅርታ፣ እመቤት" ብላ ወጣች። የሰው ለቅሶ ቀድማ የምትደርሰው ወይንሸት ናት ይህን ያለችው! ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ የስፌት መስመር በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ለሹፌሩ መድረሻዋን መንገር ያቃታትም በዚያው ሰሞን ነው። ጧት ጧት አልጋዋ ጫፍ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም። ለሁሉ የምትበቃ ሴት ለራሷ አነሰች መባልን ፈራች።

ቤት ስትገባ ባሏ ኃይለየሱስና ልጇ ኑሀሚን እራት አቅርበው ይጠብቋታል።

"አታስቢ" አላት ኃይለየሱስ ገና እንደተቀመጠች። "የጠየቀኝን ሁሉ ስልኩ ነው ብዬዋለሁ። አምነውኛል።"

እንጀራ ቆርሳ ነበር፤ መልሳ ሳሕኑ ላይ አኖረችው።

"ስልኩ አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ያው ስሕተት..."

"ስማኝ፣ ኃይሌ። ደክሞኛል። የዛሬ ድካም አይደለም፤ ተኝቼ ስነሣም ደክሞኝ ነው የምነሣው። ዛሬ ያቺ ሴት በባዶ ወንበር መካከል ተቀምጣ ሳያት ማልቀስ አቃተኝ። እና ዋሸኋት።"

ኑሀሚን እናቷን ትክ ብላ አየቻት። "እማዬ፣ እኔ እኮ በእኔ ላይ የተቆጣሽ ነበር የሚመስለኝ። ክረምቱን በሙሉ።"

የወይንሸት ድምፅ ሲወጣ ተሰባብሮ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው እንባ ዐይኗን ሞላው። "አልተቆጣሁም፣ የእኔ እናት። አፍሬ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ የዕድሩ ስልክ ጠራ። የሁሉም ዐይን ወደ እጇ ሄደ። አንሥታ፣ ሳትመልስ፣ ለኑሀሚን አቀበለቻት።

"በአጥሩ በኩል ለፋርቱን ስጫት። ትክክል ነሽ ብላለች በያት።" ወደ ባሏ ዞረች። "ነገ ከቀብር መልስ ስሙን ያሳሳትኩት እኔ መሆኔን በድንኳኑ ውስጥ እናገራለሁ፤ ጸሐፊነቱንም አስረክባለሁ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ በፋብሪካው ያስቀየምኳትን ልጅ ይቅርታ ጠይቄ ፈቃድ እወጣለሁ።"

"የነገው ምሳስ?" አለ ኃይለየሱስ ግራ ተጋብቶ። "መቼም አንቺ ሳትሠሪው አትቀሪም ብዬ ነበር።"

"ሌሎች ይሠሩታል። እኔ እትዬ ሽታዬ አጠገብ፣ ዛሬ ባዶ ከዋሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ እቀመጣለሁ።"

"ተቀምጠሽስ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምንም" አለች ወይንሸት፣ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትሞክረው ሁሉ በዝግታ። "ምንም አልሠራም።"