አራት ዲስክና አንድ ዳንቴል

ኮምፒውተር ስጠግን ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲተነፍስ አልወድም። ጋሽ ሳህሉን ግን ሲተነፍሱም፣ ሲያስሉም፣ በየደቂቃው «እንዴት ነው ገሊላ?» ሲሉኝም ዝም አልኳቸው። ሐረር ውስጥ የእሳቸው ካሜራ ያልገባበት ሰርግ ጥቂት ነው። የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ የታላቅ እህቴን ጭምር የቀረጹት እሳቸው ናቸው።

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረጹትን ሁሉ ከቴፕ ገልብጬ አራት ዲስክ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ። «አንዱ ዲስክ ቢሞት ሦስቱ ተጋግዘው በእሱ ላይ የነበረውን መልሰው ይጽፉታል፤ አያስቡ» ያልኳቸውም እኔው ነኝ። አሁን አንዱ ሞቷል።

ገዳዩም ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እቤቱ ውስጥ ዳንቴል ያላለበሱት ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የስኳር ዕቃው ሳይቀር። ሳጥኑንም አቧራ እንዳይገባው በዳንቴል ሸፈኑት፤ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ ደረቡበት። ሙቀቱ መውጫ አጣ። ሳጥኑ ሲጮህ ጋሽ ሳህሉ ጆሯቸው ደክሟልና አልሰሙም። እትዬ ሰሙና ጎረቤት እንዳይረብሽ ብለው ብርድ ልብስ ጨመሩበት።

ልቆጣቸው ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ገሊላዬ፣ እኔ ነኝ አይደል ያጠፋሁት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ አቃጠልኩበት። አትንገሪው፤ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። «ገና ምንም አልጠፋም» አልኳቸው። ግማሹ ውሸት ነበር። ከቀሩት ሦስት ዲስኮች አንዱ ማንበብ እያቃተው ነው። አዲስ ዲስክ ሲገባ ሦስቱ ብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ ደካማው መሐል ላይ ከቆመ የሃያ አራት ዓመት ሥራ እንዳለ ይጠፋል።

አዲሱን ዲስክ ጓደኛዬ ቡሽራ ከድሬዳዋ እያመጣልኝ ነው። «ወላሂ ስምንት ሰዓት ላይ ሸዋ በር ነኝ» ብሎኛል።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ዲስኩ እስኪደርስ ለክፉም ለደጉም ጥቂት ነገር ላውጣልዎ» አልኩ። «ሁሉን የሚይዝ ዕቃ የለኝም፤ ፍላሼ ትንሽ ናት። ምን ይቅደም?»

የልጃቸውን የያሬድን ሰርግ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳያመነቱ «ነጭ የሚለውን ፎልደር» አሉኝ።

ከፈትኩት። ከሁለት መቶ በላይ ቁርጥራጭ ቪዲዮ አለበት። የመጀመሪያው ላይ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ጥቁር፣ ነጭ ዳንቴል እስከ አገጫቸው ዘርግተው ቆመዋል። ካሜራው ቀለም እንዳይስት ከቀረጻ በፊት ነጭ ነገር ያሳዩታል፤ ረዳታቸው እትዬ ስለነበሩ በየሰርግ ቤቱ ደጃፍ ዳንቴሉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለሙሽሮቹ ሲሰጥ ይህ ተቆርጦ ይወጣል። ጋሽ ሳህሉ የቆረጡትን አልጣሉትም ነበር።

«በቃ?» ይላሉ እትዬ።

«ትንሽ ቆዪ» ይላል የጋሽ ሳህሉ ድምፅ ከካሜራው ጀርባ።

በሌላው ሰርግ ወፈር ብለዋል። «እጄ ዛለ እኮ ሳህሉ።» «ቆዪ፣ አልተስተካከለም።» በሌላው ደግሞ ሽበት ጀምሯቸዋል። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ የሚበልጥም አለ። ሥራውን ስለማውቀው ሳቄ መጣ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወደ ፍላሿ ገለበጥኩት።

ቡሽራ ባለው ሰዓት ደረሰ። የሞተውን ዲስክ አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ፤ መብራት ቢጠፋ ብዬ የሱቄን ባትሪ ገጥሜ፣ ፍላሿን ትቼላቸው ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም።

ጠዋት ስመለስ አራቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባልና ሚስቱ ግን ሳጥኑን አያዩም፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ፎልደሩን እያዩ ነው። ዳንቴሉ በእትዬ ጉልበት ላይ ነው።

«ነገርኩት» አሉኝ እትዬ። «ላስቲኩን ራሱ አንስቶት ኖሮ፣ ቀድሞም ያውቅ ነበር። ገሊላዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካሜራ ነጭን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

ጋሽ ሳህሉ ወደ መስኮቱ ዞረው ማሳል ጀመሩ።

«ሦስት ሴኮንድ» አልኳቸው።

እትዬ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን ወጣት ሴት አዩዋት። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ክንዴን አዛልከው» አሉና ወንበራቸውን ወደ ጋሽ ሳህሉ አስጠጉ።